ደጅ የጠኑት የት ገቡ?

ጎንደር የሄድነው ለምርቃት ነበር። የአጎቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ እኔም አጃቢ፣ ፎቶ አንሺና ስልክ ደዋይ ሆኜ ተከተልኩ። አጎቴን ጋሼ እያልን ነው ያደግነው። ከፍኖተ ሰላም ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብለው በቆሎና በርበሬ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ስድሳን አልፈዋል፤ ከባሕር ዳር ወዲያ ግን ተሻግረው አያውቁም ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከርሞ የተከፈተበት ሳምንት ስለነበር፣ «ዕድላችን ነው» ብለን ወጣን። ምርቃቱ አልፎ በማግስቱ፣ ጎንደር መጥቶ ፋሲልን ሳያዩ መመለስ ነውር ነው ተባለና ወደ ግቢው ወሰድናቸው።

ግቢው መታደሱን ታውቃላችሁ። ግንቡ ታጥቧል፤ የድንጋዩ መጋጠሚያ በኖራ ተሞልቷል፤ ሣሩ ተከርክሟል። ጋሼ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው በሩ ሥር ቆሙና ወደ ላይ ወደ ቅስቱ አንጋጠጡ። አስጎብኚው ወጣት ልጅ ነው፤ ሥራውን የሚወድ። ግቢውን የሚዞረው ግንብ 900 ሜትር ያህል እንደሚረዝም፣ 12 በሮች እንደነበሩት፣ እያንዳንዱ በር የየራሱ ስምና ባለቤት እንደነበረው አስረዳን። ፊት በር፣ ወምበር በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ እልፍኝ በር፣ ቋሊ በር... ዳኞቹ በዚህ፣ ሙዚቀኞቹ በዚያ፣ የፈረሰኛው አለቃ በወዲያኛው።

ጋሼ እስኪጨርስ ጠበቁና፣ «ልጄ፣ ደጅ ጠኚውስ በየትኛው ነበር የሚገባ?» አሉት።

ልጁ ትንሽ አሰበ። «እሱ እንኳ... ውጭ ነዋ፣ አባቴ።»

«አዎ» አሉ ጋሼ። «ቢገባማ ደጅ ጠኚ መባሉ ይቀር ነበር።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ይህችን ጥያቄ ከራሴ ማውጣት አልቻልኩም። የታደሰ በር ለማየት ሄጄ በበሩ ስላልገቡት ሰዎች እያሰብኩ ተመለስኩ።

*

ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ መናገሻ ካደረጓት በኋላ፣ ተከታዮቻቸው የየራሳቸውን ግንብ በአንዱ ቅጥር ውስጥ እየጨመሩ ሄዱ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ግንቦቹን ነው። ፎቶ የምንነሣው እነሱ ፊት ነው፤ ብር ኖት ላይም የሠፈሩት እነሱ ናቸው። በሮቹን ግን በእግራችን አልፈናቸው እንሄዳለን። በር ምን ይታይበታል?

እኔ አሁን የሚመስለኝ፣ አንድ አገዛዝ ስለ ራሱ በጣም እውነተኛውን ነገር የሚናገረው በሩ ላይ ነው። አዳራሹ ንጉሡ መታየት የሚፈልገውን ያሳያል። በሩ ደግሞ ማን ከማን እንደሚቀድም ያሳያል። አሥራ ሁለት በር ማለት አሥራ ሁለት ዓይነት ሰው ማለት ነው። ፈታዮች በአንዱ ይገባሉ፤ ስሙም እስከ ዛሬ አደናግር በር ይባላል። የእቴጌ ምንትዋብ እናት የወይዘሮ እንቆዬ ስም የተሰጠው በር አለ። የተዝካሩም በር አለ። ለፈታይ፣ ለመለከት ነፊ፣ ለሙት መታሰቢያ ሳይቀር በር ተሠርቶላቸዋል። «የተበደሉ በር» የሚባል ግን በዝርዝሩ ውስጥ አልሰማሁም።

ቋንቋችንን ብታዩት ደግሞ ሌላ ነገር ይገልጣል። «ደጅ» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። ደጅ በሩም ነው፤ ከበሩ ውጭ ያለው ሜዳም ነው። «ደጅ ውጣ» ስንል ውጭ ውጣ ማለታችን ነው። ማለትም አማርኛ በሩን የሰየመው ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ይልቅ ውጭ ከቆመው ሰው በኩል ሆኖ ነው። ትልቅ የጦር ማዕረግ የነበረው ደጃዝማች ደጅና አዝማች ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር መግቢያ ደጀ ሰላም ይባላል። ከእነዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ደጅ ጥናት የሚባል ነገር አለን።

ደጅ ጥናት ለሚለው የከተማ ልጅ ትርጉም ላያስፈልገው ይችላል፤ ስሙን ባያውቀው ኖሮበታል። ጉዳይ ያለው ሰው ከትልቁ ሰው በር ላይ ይቆማል። ይጠብቃል። ሲወጣ እጅ ይነሣል፤ ሲገባ እጅ ይነሣል። ቀን ይሄዳል፤ ወር ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲ ገብተን «ጥናት» የሚለውን ቃል ለሌላ ነገር ስለተማርነው እንጂ፣ ደጅ ጠኚም እኮ ተመራማሪ ነው። የትኛው ዘበኛ ርኅሩኅ እንደሆነ ያውቃል። ጌታው በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ፊቱ መቼ እንደሚበራ፣ በማን በኩል ቢሄዱ እንደሚሰማ ያውቃል። ዕድሜውን የጨረሰበት ትምህርት ነው፤ ዲግሪ ግን አይሰጥበትም።

*

ስለ ጎንደሩ ደጅ ጥናት ካነበብኩት ሁሉ የማይረሳኝ የጄምስ ብሩስ ትረካ ነው። ይህ ስኮትላንዳዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ እኛው አገር ድረስ፣ ሰከላ ግሽ ዓባይ ወረደ። መጽሐፉን በአምስት ቅጽ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1790 ነው። የባዕድ ዓይን ነው፤ የሚያጋንንበትም፣ የሚንቅበትም ቦታ አለ። ቢሆንም በንጉሡ በር ላይ የሰማውን ድምፅ ሲጽፍ የሚያነሣቸው ዝርዝሮች ከልብ ወለድ በላይ ናቸው።

እንደሱ ትረካ፣ ሰው ከማለዳ እስከ ማታ ከቤተ መንግሥቱ በርና መስኮት ሥር ይሰበሰብና ንጉሡ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ፍትሕ ይጮኻል። እያንዳንዱ በሚያውቀው ቋንቋ። እዚህ ድረስ ይገባኛል። የሚያስደነግጠው ቀጥሎ ያለው ነው። ክረምት ሲገባ፣ መንገዱ ሲጨቀይና ባለ ጉዳይ ሲመናመን፣ በደመወዝ የሚጮኹ ሰዎች ነበሩ ይላል። ሥራቸው የተበደለ ሰው ለቅሶ አስመስሎ ማልቀስ ነው። ለምን ቢባል፣ ለንጉሡ ክብር ነው። ቤተ መንግሥቱ ጭር ብሎ ንጉሡ ብቸኝነት እንዳይሰማው።

ብሩስ ራሱ ቤት ሳለም መጥተው አልቅሰውለታል። ምን ሆናችሁ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ምንም አልሆንን፤ ብቻህን መሆንህን ሰምተን እንዳይከፋህ ልናከብርህ መጣን፤ አሁን የምንጠጣው ብታዝልን ደግሞ የበለጠ እንበረታለን አሉት።

መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን አልሳቅኩም። አስቡት፦ የእውነተኛው ተበዳይ ጩኸትና የቅጥረኛው ጩኸት ከእልፍኝ ሆኖ ለሚሰማው ሰው አንድ ዓይነት ድምፅ ነው። እንዲያውም ቅጥረኛው ጉሮሮው የሠለጠነ ስለሆነ የተሻለ ሳያለቅስ አይቀርም። ጩኸቱ የተለመደ የግቢ ድምፅ ከሆነ፣ እንደ ወፍ ጫጫታ ከሆነ፣ ከዳሞት ሁለት ሳምንት ተጉዞ የመጣው ገበሬ ሬቱን ሲጮኽ ማን ይለየዋል?

እዚህ ላይ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ መጣ። መጠበቅ ሁሉ በደል ነው ወይ?

*

አይደለም። ይህን ሳልል ካለፍኩ ፍርድ አጓድላለሁ።

በር ያለ ምክንያት አይዘጋም። ሐረርን እንውሰድ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጀጎል ግንብ አምስት በሮች ነበሩት፤ ማታ ማታም ይዘጉ ነበር። ይህ የፍርሃት መዝጋት ነው፤ ጠላት ያለበት ከተማ በሩን ቢዘጋ ማን ይፈርድበታል? የሥርዓት መዝጋትም አለ። ሐኪም አንድ ነው፤ ሕመምተኛ ሠላሳ ነው፤ ሃያ ዘጠኙ ውጭ ይጠብቃሉ። ንጉሥም ቢሆን ጆሮው ሁለት ነው። ደጅ ጥናት ደግሞ ክብር የነበረበት ጊዜም አለ። ከሩቅ አገር የመጣ ባለ ጉዳይ፣ ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ዘመድ፣ በጩኸቱ ብቻ ንጉሡ ፊት ሊቀርብ የሚችልበት መንገድ መኖሩ ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም። በሩ ላይ መቆም የሚችል ሰው ቢያንስ በሩ የት እንዳለ ያውቃል። ተስፋም አለው።

እና ክፉው መጠበቅ የቱ ነው? እኔ እንዲህ እለየዋለሁ። አንድ ሰው ውጭ ሲቆም፣ መቆሙ ለማን ይጠቅማል ብዬ እጠይቃለሁ። ከፊቱ ሌላ ሰው ስላለ የሚጠብቅ ከሆነ፣ መጠበቁ ለዚያ ለቀደመው ሰው የሚከፈል ዋጋ ነው፤ ነገ ለእሱም ይከፈልለታል። ውስጥ ያለው ሰው ትልቅ መስሎ እንዲታይ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ሰውየው ባለ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ጌጥ ሆኗል። ልክ እንደ ብሩስ ቅጥረኛ አልቃሾች። ልዩነቱ፣ አልቃሾቹ ቢያንስ ይከፈላቸው ነበር።

ጋሼን ያን ጥያቄ ያስጠየቃቸው ምን እንደሆነ የገባኝ ማታ ነው፤ እራት ላይ። ለካ ባለፈው ዓመት ሙሉ ደጅ ሲጠኑ ከርመዋል። የመሬት ይዞታ ደብተራቸው ላይ የአንዱ ማሳ ስፋት ተሳስቶ ተጽፏል። ስሕተቱን የሠራው ጸሐፊ ነው፤ ጋሼ አይደሉም። ለማስተካከል ወደሚመለከተው ቢሮ ሄዱ። «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው።» በሌላ ቀን ሄዱ። «ሲስተም የለም።» በሌላ ቀን። «ይኼ በእኛ አይታይም፣ እታች ነው።» እታች ወረዱ። «ይኼ እላይ ነው።» ከገጠር ከተማ ለመምጣት አንድ የሥራ ቀን ይጠፋል፤ በአረም ወቅት ያ ቀን ምን ማለት እንደሆነ ገበሬ ያውቃል።

«አንድ ቀን» አሉ ጋሼ፣ ጉርሻቸውን ይዘው፣ «በሩ ክፍት ነበር። ሰውየው ተቀምጧል። ያየኛል፤ አየዋለሁ። ሌላ ሰው የለም። ስልኩን ይነካካል። ከዚያ ግድም ‹ውጭ ይጠብቁ› አለኝ። ቆይ፣ ምን ልጠብቅ?»

ምን ልጠብቅ! በጎንደር ዘመን ቢሆን አንድ ሊቅ መልስ ይሰጣቸው ነበር። ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ነዋ፣ ጋሼ።

*

በ2017 ዓ.ም. የግቢው እድሳት ፎቶዎች ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲለቀቁ የተነሣውን ክርክር ታስታውሱታላችሁ። ግማሹ «ቀለሙን ቀየሩት፣ ታሪኩን አጠቡት» አለ። ግማሹ «እንዲፈርስ ነው የምትፈልጉት ወይ?» አለ። እኔም በዚያ ሰሞን ኮሜንት ከጻፉት አንዷ ነበርኩ፤ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ሽበት ያወጣው ግንብ ናፍቆኝ ነበር። አሁን ሳስበው ናፍቆቴ ስለ ግንቡ ሳይሆን ስለ ራሴ ነበር። የልጅነት ፎቶዬ ላይ ያለው ግንብ እንዳይለወጥ ነው የፈለግኩት።

ደግሞም የቱን «መጀመሪያ» ነው የምንፈልገው? ጣሊያን በወረራው ዘመን ግቢውን በሲሚንቶ ጠግኖት ነበር፤ በኋላ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ ድጋፍ በተሠራው ሥራ ሲሚንቶው እየወጣ በኖራ ተተካ። ከዚያ በፊት እሳትም፣ የመሬት መንቀጥቀጥም፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብም አግኝቶታል። እኛ «ጥንታዊው መልክ» የምንለው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የቆየውን ነው።

ጋሼን ስለ ቀለሙ ጠየቅኳቸው። «ቤት አይደለም እንዴ? ቤት ይለሰናል» አሉ። በእሳቸው አገር ነገሩ ቀላል ነው። የደብራቸው ቤተ ክርስቲያን ድሮ በሣር የተከደነች ነበረች፤ ሣሩ በየጊዜው ይቀየራል። በኋላ ቆርቆሮ ሆነ። የቅጥሩ በር እንጨት ምስጥ ሲበላው ይቀየራል። ከጥንቱ እንጨት ምናልባት አንድም አልቀረም። ታዲያ ቤተ ክርስቲያኗ ተለውጣለች ወይ ብትሏቸው ጥያቄው አይገባቸውም። ታቦቱ አለ፤ ሰዉ ይመጣል፤ ደጀ ሰላሙን ይሳለማል። አንድ ነገር አንድነቱን የሚያገኘው ከእንጨቱ አይደለም፤ ሰው በእሱ ከሚያደርገው ነገር ነው። የሚሳለሙት በር ያረጃል፤ ይታደሳል። የማይሳለሙት በር ይጠበቃል።

ስለዚህ በጎንደሩ እድሳት የጎደለኝ የድንጋዩ ጥቁረት አይደለም። ድንጋዩ መታደስ ነበረበት፤ ታደሰ፤ እሰየው። የጎደለኝ ከበሩ ውጭ ያለው ሜዳ ነው። ጉብኝቱ የሚጀምረው ትኬት ቆርጠን ከገባን በኋላ ነው። ስለ ዙፋኑ፣ ስለ አንበሶቹ ቤት፣ ስለ እንፋሎት መታጠቢያው ይነገረናል። ሁላችንም በሀምሳ እርምጃ ውስጥ የንጉሥ እንግዳ እንሆናለን። እኔ የገበሬ ዘር ነኝ፤ በዘመኑ ብኖር ኖሮ የምቆመው የት እንደሆነ ግልጽ ነው። ግን ለሦስት ሰዓት ያህል ራሴን ከውስጥ ሆኜ አየሁ። ጋሼ ብቻ ናቸው ቦታቸውን ያልረሱት።

እና የሚገርመኝ ይህ ነው። ግንቡን ለማቆየት ባለሙያ፣ ኖራ፣ ገንዘብና ዓመታት ያስፈልጋሉ። ደጅ ጥናትን ለማቆየት ግን ማንም ምንም አላወጣም። አንድ ቀን እንኳ ፈርሶ ስለማያውቅ እድሳት አላስፈለገውም። ንጉሡ ሄዱ፣ ሹሞቹ ተቀየሩ፣ ባንዲራው ተቀየረ፤ «ውጭ ይጠብቁ» ግን እንዳለ ነው። አሁን ኦንላይንም ገብቷል። ፎርም ሞልተህ ትልካለህ፤ «ጥያቄዎ በሂደት ላይ ነው» ይልሃል። ወር ቆይተህ ትከፍተዋለህ፤ በሂደት ላይ ነው። በሩ ሥር የቆመ ሰው ቢያንስ ሌላ የቆመ ሰው ያያል፤ አብረው ያማርራሉ። ስክሪኑ ሥር ግን ብቻህን ነህ።

*

የእኛ ገጠር ሌላ ዓይነት ደጅም አለው። በልጅነቴ የማስታውሰው ደጅ የቆሎ ተማሪዎቹ የሚቆሙበት ነው። ጎጃም የአብነት ትምህርት አገር ነው፤ ከየአገሩ የመጡ ልጆች ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው በየመንደሩ ቀፈፋ ይወጣሉ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ የበዛብህን አገር ማንኩሳን ያስታውሳል፤ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ያለች ናት። ተማሪው ከአጥሩ ውጭ ይቆማል። ውሻው ይጮኻል። ልጁ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። እናቴ እጇ ሊጥ ቢሆን እንኳ ጠርጋው ትነሣለች። ካለ እንጀራ ትሰጠዋለች፤ ከሌለ «እግዜር ይስጥህ» ትላለች፤ ልጁም ወደ ሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። ያም ሆነ ይህ፣ ቶሎ። የሌለውን «የለም» ማለትም መልስ ነው። «ውጭ ቆይ» ብላ ወደ ጨዋታዋ ስትመለስ ግን አይቻት አላውቅም።

የመሸበት መንገደኛም እንዲሁ ነው። ከአጥሩ ወዲያ «ቤቶች!» ይላል። «ማነው?» ሲባል፣ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ይላል። መልሱ የታወቀ ነው፤ «ቤት ለእንግዳ።» ማን እንደሆነ፣ የማን ዘር እንደሆነ የሚጠየቀው እግሩ ታጥቦ ከበላ በኋላ ነው።

ይህን ሳወራ ግን ገጠሩን ገነት ላደርገው አልፈልግም፤ እዚያው ስላደግኩ ውሸት ይሆንብኛል። ለእንግዳ የሚከፈተው በር ለሸክላ ሠሪዋና ለቀጥቃጩ በእኩል አይከፈትም ነበር። ማሰሮዋን የምንገዛትን ሴት ዓይኗን እንፈራ ነበር፤ ከአጥሩ ውጭ ከፍለናት ትሄዳለች። እሷ በሠራችው ጀበና ቡና ጠጥተን እሷን ግን ቡና አናስጠጣትም። እኔም ራሴ ሴት ሆኜ የደጀ ሰላሙን ወዲያኛውን ወገን አውቀዋለሁ፤ በእነዚያ ቀናት ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ቅዳሴ አዳምጫለሁ። ሥርዓቱ ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ቀን ልተወው። ግን ከውጭ መቆም ለሰው ጆሮ ምን እንደሚያደርግ ተምሬበታለሁ። ከውስጥ ያለው ዜማውን ይሰማል፤ ከውጭ ያለው ዜማውንም ይሰማል፣ የበሩንም መዝጊያ ይሰማል።

ስለዚህ ሁሉም ቤት በር አለው፤ ሁሉም በር ደጅ አለው። ንጉሥ ብቻ አይደለም ሰው የሚያስጠብቀው። ሁላችንም የሆነ ሰው በእኛ ደጅ ቆሟል። መልእክቱን አንብበን ያልመለስንለት። «እደውላለሁ» ያልነው። ብድሩን የምንመልስለት ቀን የሚጠብቅ። ምናልባት ጊዜ አጥተን ነው። ምናልባት ደግሞ፣ እውነቱን ከተናገርን፣ ሰው ሲጠብቀን ደስ ይለናል። የሚፈልገን አለ ማለት ነዋ። ጭር እንዳይልብን። ያቺ የጎንደር ንጉሥ ብቸኝነት በእያንዳንዳችን ውስጥ ትንሽ ትንሽ አለች።

*

የከተማችን ስም ግዕዝ ነው፤ የሰላም መንገድ ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ደግሞ ደጀ ሰላም፤ የሰላም ደጅ። መንገዱም ደጁም በስም ሰላም ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሆነውን ለምታውቁ ሰዎች ይህ ስም እንዴት እንደሚከብድ መናገር አያስፈልገኝም። መንገድ ሲዘጋ አገሩ ሁሉ ደጅ ጠኚ ይሆናል። ነፍሰ ጡሯ ሆስፒታል ለመድረስ፣ ተማሪው ፈተና ለመቀመጥ፣ ገበሬው ማዳበሪያ ለማግኘት ኬላ ላይ ይቆማል። ስትመለሱም ትቆማላችሁ። እኛም ከጎንደር ስንመለስ ቆመናል፤ ጋሼ አውቶቡሱ ውስጥ ሆነው ጋቢያቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጣል አድርገው ዝም አሉ። «ደጅ መጥናትስ ለምደነዋል» አሉኝ በኋላ። ያ «ለምደነዋል» የሚለው ቃል ነው የሚያስፈራኝ። የለመዱት ጩኸት የወፍ ድምፅ ይሆናልና።

የታደሰ በር ምን ይጠቅማል ለሚለኝ፣ አሁን መልስ አለኝ። እንደ ጌጥ ብቻ ካየነው ትንሽ ነው የሚጠቅመው። እንደ ጥያቄ ካየነው ግን ብዙ ነው። ጎንደር ስትሄዱ፣ እባካችሁ ከመግባታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ውጭ ቁሙ። ትኬቱን ቆርጣችሁም ቢሆን ቁሙ። ግንቡን ከዚያ ሆናችሁ እዩት፤ ከውስጥ ሲታይ ከሚመስለው ይረዝማል። ከሰከላ፣ ከቡሬ፣ ከዳሞት በእግሩ መጥቶ እዚያ ሜዳ ላይ የከረመውን፣ ስሙ በየትኛውም በር ያልተጻፈውን ሰው አስቡት። ምናልባት የእናንተ አያት ነው። ምናልባት ጉዳዩ የአንድ ማሳ ወሰን ነው።

ከዚያ ግቡ። ግቢው ያምራል፤ ስታዩት ደስ ይበላችሁ፤ የእሱም ነው። ኖራውን ያቦካው፣ ድንጋዩን የተሸከመው ማን ሆነና?

ሲወጡ ጋሼ ወደ አስጎብኚው ዞረው መረቁት። «በርህ አይዘጋ» አሉት። ልጁ ጎንበስ ብሎ «አሜን፣ አባቴ» አለ። ከግቢው ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ትንሽ አረፍ ብለው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በሩን አዩት፤ እንደ ማንኛውም ባለ ጉዳይ።

በሚቀጥለው ሰኞ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው እንደገና ወደዚያ ቢሮ ሄዱ። ማታ ደወልኩላቸው።

«እንዴት ሆነ፣ ጋሼ?»

«ሐሙስ ና ብለውኛል» አሉ።